ሰውን ለሥራ የሚያነሣሣው ምንድን ነው?

ሀ. ከንባብ በፊት

አስረጅ ድርሰት የአንድን ነገር ምንነት፣ አሠራርና ምክንያት ለአንባቢ ግልጽ አድርጎ የሚያቀርብ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ተራኪ ድርሰት «ምን ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲሰጥ፣ አስረጅ ድርሰት ግን «ለምን?» እና «እንዴት?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። የሚያስረዳው ጉዳይ ረቂቅ በሚሆንበት ጊዜ ጸሐፊው አንባቢው በዓይኑ የሚያየውንና በእጁ የሚዳስሰውን ነገር በምሳሌነት ማቅረብ ይኖርበታል። ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡም ጸሐፊው ረቂቁን ሐሳብ በምን ዓይነት ተጨባጭ ምሳሌ እንዳብራራው ልብ በሉ።

ለ. ምንባብ

ከጅማ ከተማ ተነሥታችሁ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ ሰርቦን ታገኛላችሁ። ሰርቦ የቀርሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ ሌሎቹ የጅማ አካባቢ ከተሞች ሁሉ የሰርቦም ኑሮ ከቡና ጋር የተቆራኘ ነው። ክረምቱ አልፎ ጥቅምትና ኅዳር ሲገባ በዛፍ ጥላ ሥር ያለው ቡና መቅላት ይጀምራል፤ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሰው ሁሉ ቅርጫቱን ይዞ ወደ ቡናው ይወጣል።

በዚህ ወቅት ሁለት ለቃሚዎች በአንድ ማሳ ውስጥ ሲሠሩ አያችሁ እንበል። አንደኛዋ የበሰለውን ቀይ ፍሬ ብቻ እየመረጠች ትለቅማለች፤ አረንጓዴውን ለሌላ ጊዜ ትተወዋለች። ሁለተኛው ግን ቅርንጫፉን በእጁ ጨብጦ ቀዩንም አረንጓዴውንም በአንድነት ይገፍፈዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱም ወደ ሚዛኑ ይቀርባሉ። የመረጠችው አሥር ኪሎ፣ የገፈፈው ሃያ ኪሎ መዘነላቸው። ክፍያው በኪሎ ነውና የገፈፈው የመረጠችውን እጥፍ ተቀብሎ ሄደ። እንግዲህ ይህች ለቃሚ በማግስቱ ምን የምታደርግ ይመስላችኋል?

ለዚህ ጥያቄ የምትሰጡት መልስ ቀላል መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥራ አመራርን ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች ብዙ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት ይህንኑ ጥያቄ በመመርመር ነው። ሰው ለምን ይሠራል? ለምንስ ይለግማል? አንዱ ሲመራ ሰዎች በፈቃዳቸው ሲከተሉት፣ ሌላው ሲመራ ግን በግድ የሚታዘዙት በምን ምክንያት ነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የሥራ መነሣሣትን ንድፈ ሐሳብ፣ የመጨረሻው ደግሞ የመሪነትን ንድፈ ሐሳብ የሚመለከቱ ናቸው።

ይህን ትምህርት ለመማር የሰርቦ ልጅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በጅማ እ.ኤ.አ. በ1952 የእርሻ ሙያ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ ይኸው ትምህርት ቤት ከጊዜ በኋላ ወደ ኮሌጅነት አደገ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ኮሌጁና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እየላከ በተግባር በማስተማሩ ይታወቃል። ስለሆነም በመማሪያ ክፍል የተነገረውን ንድፈ ሐሳብ በቡና ማሳና በመፈልፈያ ጣቢያ ላይ መፈተን ለዚያ አካባቢ ተማሪ ቅርብ ነው።

በመጀመሪያ መሪነትን እንመልከት። ጥንታዊው አስተሳሰብ «መሪ ይወለዳል እንጂ አይሠራም» የሚል ነው። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ለመሪነት የተፈጠረ ሰው በግርማ ሞገሱ፣ በብልኀቱ፣ በአንደበቱና በቆራጥነቱ ከሌላው ይለያል። የጅማ ሰው ለዚህ አስረጅ ቢጠየቅ ምናልባት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙትን ዳግማዊ አባ ጅፋርን ይጠቅሳል። አባ ጅፋር በቁመታቸው ረጅምነትና በግርማቸው ይታወቁ ነበር። ይሁን እንጂ ለብዙ ዘመን ያቆያቸው ቁመታቸው አልነበረም። ከምኒልክ ጋር ጦር ከመማዘዝ ይልቅ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው መኖራቸው፣ የአገራቸውንም ንግድ ማስፋፋታቸው ነው። ይህ ደግሞ ዘመንንና ሁኔታን የማመዛዘን ችሎታ ነው እንጂ የተፈጥሮ ግርማ ብቻ አይደለም።

በዚያው በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ የኖረው የገዳ ሥርዓት ደግሞ ከዚህ የተለየ ትምህርት ይሰጠናል። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ልጆችም ከታናሽነታቸው ጀምሮ በየእርከኑ እያለፉ ለኃላፊነት ይዘጋጃሉ። ይህም ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ተመዝግቧል። በገዳ ሐሳብ መሠረት መሪነት የሚወለዱበት ዕድል ብቻ ሳይሆን የሚማሩት ሙያ፣ የተወሰነ ጊዜ የሚሸከሙት ኃላፊነት፣ በጊዜው የሚያስረክቡትም አደራ ነው።

በሃያኛው መቶ ዓመት ተመራማሪዎች «መሪው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ትተው «መሪው ምን ያደርጋል?» ወደሚለው ጥያቄ ተሸጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ1939 ኩርት ሌዊን፣ ሮናልድ ሊፒትና ራልፍ ዋይት የተባሉ ምሁራን በአሜሪካ አገር ዕድሜያቸው አሥር ዓመት ያህል የሆኑ ልጆችን በትንንሽ ቡድን ከፋፍለው የእጅ ሥራ እንዲሠሩ አደረጉ። አንዱ ዓይነት መሪ ሁሉን ነገር ራሱ ወስኖ ያዝዝ ነበር። ሁለተኛው ከልጆቹ ጋር እየተመካከረ ይመራ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ልጆቹን እንደ ፈቀዳችሁ ብሎ ይተዋቸው ነበር። ውጤቱን ሲመለከቱ በአዛዡ ሥር የነበሩት ልጆች ብዙ ሠሩ፤ ነገር ግን መሪው ከክፍሉ ወጣ ሲል ሥራቸውን ጣል ያደርጉ ነበር። በተመካካሪው ሥር የነበሩት ግን መሪው ቢኖርም ባይኖርም ሥራቸውን ቀጠሉ። ዝም ብለው የተተዉት ሥራቸው ያነሰ፣ ጥራቱም የተጓደለ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ምርምር አንድ ዐቢይ ቁም ነገር እንማራለን። የመሪ መመዘኛው እሱ ቆሞ ሲያይ የሚሠራው ሥራ ሳይሆን እሱ በሌለበት የሚሠራው ሥራ ነው። በቡና ማሳ ውስጥ ይህ በይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ማንም አሠሪ በእያንዳንዱ የቡና ዛፍ ሥር ተቆጣጣሪ ሊያቆም አይችልምና፣ ለቃሚው ቀዩን ከአረንጓዴው የሚለየው በራሱ ኅሊና ብቻ ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ መመካከር ይበጃል ማለት ነውን? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 መጽሐፉን ያሳተመው ፍሬድ ፊድለር የአንድ መሪ ስኬት በሚገኝበት ሁኔታ ላይ የተመሠረተ መሆኑን አስረዳ። ይህን ለመረዳት እንደገና ወደ ቡናው እንመለስ። ታጥቦ የሚዘጋጅ ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ግን ጣዕሙ ይበላሻል። እንግዲህ ማታ እሸቱ ተከምሮ ሳለ የመፈልፈያው ሞተር ቢቆም፣ ያን ጊዜ ስብሰባ ጠርቶ ድምፅ ማሰጠት ሞኝነት ነው። አንድ ሰው «አንተ ይህን፣ አንቺ ያን ያዙ» ብሎ ማዘዝ አለበት። የዓመቱ ትርፍ እንዴት ይከፋፈል በሚለው ጉዳይ ላይ ግን ያው ሰው በዚያው ድምፅ ቢያዝዝ አባላቱን ሁሉ ያስቀይማል። መቼ ማዘዝ፣ መቼ ማማከር እንደሚገባ ለይቶ ማወቅ የመሪነት ጥበብ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ መነሣሣት እንለፍ። ስለ ሥራ በሳይንሳዊ መንገድ ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር ነው። ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ ሥራ ሁሉ በልክና በሰዓት ተመዝኖ፣ ሠራተኛውም በሠራው መጠን ሊከፈለው እንደሚገባ አስተማረ። ለለቃሚ በኪሎ መክፈል የዚህ አስተሳሰብ የቅርብ ዘመድ ነው። ጉድለቱንም ከላይ ባየነው ምሳሌ ተመልክተነዋል። ክፍያው የሚለካው ክብደትን ብቻ ከሆነ፣ የምናገኘውም ክብደትን ብቻ ነው። አሠሪው በአፉ «ቀዩን ልቀሙ» እያለ በሚዛኑ ግን «ግፈፉ» ብሎ ይናገራል፤ ሠራተኛም ከአፍ ይልቅ ሚዛንን ይሰማል።

ከዚህ በኋላ የተነሡ ምሁራን የሰውን ልብ ጠለቅ ብለው ለመመርመር ሞከሩ። አብርሃም ማስሎው እ.ኤ.አ. በ1943 ባወጣው ጽሑፍ የሰውን ፍላጎት በአምስት ደረጃ ከፈለው። እነዚህም የምግብና የመጠጥ፣ የደኅንነት፣ የፍቅርና የወዳጅነት፣ የክብር፣ በመጨረሻም ተሰጥኦን ሁሉ ሥራ ላይ የማዋል ፍላጎቶች ናቸው። በጥቅሉ ሲታይ ሰው የታችኛው ፍላጎቱ ሲሟላለት ወደ ላይኛው ያመራል ይላል። ይህ ሐሳብ ቀላልና ማራኪ ስለሆነ በየትምህርት ቤቱ ይጠናል።

እናንተ ግን ከመቀበላችሁ በፊት የራሳችሁን ሰፈር ተመልከቱ። የዕለት ጉርሱ የሞላለት ያልሆነ ገበሬ ለዕድሩ ገንዘብ ያዋጣል፤ ሥራውን ጥሎ ጎረቤቱን ይቀብራል፤ ያዘነውን ያጽናናል። ይህ ሰው ሆዱ እስኪጠግብ ድረስ ወዳጅነትንና ክብርን አላቆያቸውም። እንዲያውም በችግር ጊዜ የሚያበላው ያው ወዳጅነቱ መሆኑን ያውቃል። ማስሎው ራሱም ቢሆን ደረጃዎቹ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንደሌላቸው በጽሑፉ ገልጿል፤ ብዙዎች አስተማሪዎች ግን ይህን ነጥብ ዘለው ያልፉታል። እንግዲህ ንድፈ ሐሳብን በአገር ኑሮ መፈተን ማለት እንዲህ ነው።

ዳግላስ ማክግሪገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ትኩረቱን በሠራተኛው ሳይሆን ስለ ሠራተኛው በሚያስበው አለቃ ላይ አደረገ። አንዳንድ አለቃ «ሰው በተፈጥሮው ሰነፍ ነው፤ ካልተጠበቀና ካልተቀጣ አይሠራም» ብሎ ያምናል። ሌላው «ሰው ዓላማውን ካመነበት ራሱን ይመራል» ይላል። የመጀመሪያው እምነት አደጋው ራሱን በራሱ እውነት የሚያደርግ መሆኑ ነው። አለቃው ሠራተኛውን እንደ ሌባ ይጠብቀዋል፤ የተጠረጠረው ሠራተኛ ልቡ ይሸፍታል፤ ሲለግም የታየ እንደ ሆነ አለቃው «አላልኳችሁም!» ይላል።

የጅማ ገበሬ ሰነፍ አለመሆኑን ለማወቅ ደቦንና ዳዶን ማየት ይበቃል። በደቦ ጊዜ ባለጉዳዩ ምግብና መጠጥ አዘጋጅቶ ጎረቤቶቹን ይጠራል። በዳዶ ደግሞ ሰዎች በተራ በተራ አንዱ የሌላውን ማሳ ይሠራሉ። በዚህ ሥራ ላይ ደመወዝ የለም፤ ተቆጣጣሪም የለም። ሆኖም ሰው እየተቀባበለና እየተፎካከረ ይሠራል። ያው ሰው በሌላ ቦታ ሲለግም ከታየ፣ ልንመረምር የሚገባን ሰውዬውን ሳይሆን ሥራው የቆመበትን ሁኔታ ነው።

ይህን ሁኔታ ለመመርመር የሚያገለግሉ ሦስት ንድፈ ሐሳቦችን በአጭሩ እንጥቀስ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1959 በፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የቀረበው ነው። እሱ እንደሚለው ቅሬታን የሚያስወግዱ ነገሮችና ደስታን የሚፈጥሩ ነገሮች የተለያዩ ናቸው። ንጹሕ የመጠጥ ውሃ፣ የምሳ ሰዓትና በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝ ባይኖሩ ሠራተኛ ያማርራል፤ ቢኖሩ ግን ማማረሩን ይተዋል እንጂ በነዚህ ብቻ ሥራውን አይወድም። ሥራውን የሚያስወድደው ሥራው ራሱ፣ ኃላፊነት ማግኘቱና ድካሙ መታወቁ ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1964 በቪክተር ቭሩም የቀረበው የተስፋ ንድፈ ሐሳብ ነው። ሰው ከመድከሙ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በልቡ ይጠይቃል። ብደክም ይሳካልኛልን? ቢሳካልኝ ዋጋ አገኝበታለሁን? የማገኘው ዋጋስ ለእኔ ይረባኛልን? ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ መልሱ «አይደለም» ከሆነ መነሣሣት አይኖርም። ቀይ ፍሬ የመረጠችው ለቃሚ ለመጀመሪያው ጥያቄ «አዎን» ብላለች፤ ቀዩን መምረጥ ታውቅበታለች። የተሰበረችው በሁለተኛው ላይ ነው፤ መምረጧ ዋጋ አላመጣላትም።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስቴሲ አዳምስ ያቀረበው የፍትሕ ንድፈ ሐሳብ ነው። ሰው የሚመለከተው የተቀበለውን ብቻ አይደለም፤ የራሱን ድካምና ዋጋ ከባልንጀራው ድካምና ዋጋ ጋር ያስተያያል። ሚዛኑ ያጋደለ የመሰለው ሰው ወይ ድካሙን ይቀንሳል፣ ወይ ይጣላል፣ ወይ ጥሎ ይሄዳል። በቡና አገር ይህ ንድፈ ሐሳብ በቃልም በምሥጢርም እውነት ነው፤ የገበሬውና የገዢው ጠብ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሚዛን ላይ ነውና።

ከላይ የተጠቀሱት ሐሳቦች በአገራችን ታሪክ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ ያስረዳል። በደርግ ዘመን ገበሬዎች መሬታቸውንና በሬያቸውን በአንድነት አድርገው እንዲያርሱ መልባ፣ ወልባና ወለንድ የተባሉ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደረጃዎች ተዘርግተው ነበር። የአባላቱም ድርሻ በሥራ ነጥብ ይሰላ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ዕቅዱ የመተባበር ዕቅድ ነው። ነገር ግን ብዙው ገበሬ የገባው በራሱ ፈቃድ ሳይሆን በግፊት ነበር፤ ብርቱውና ለጋሚው የሚያገኙትም ድርሻ እምብዛም የተራራቀ አልነበረም። ስለዚህም በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ ገበሬው ምርጫ ባገኘ ጊዜ፣ ከማኅበራቱ አብዛኞቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። በደቦ የሚተባበረው ገበሬ ይህን ትብብር የተወው መተባበርን ስለጠላ ሳይሆን፣ ፈቃዱና ድካሙ ስላልታሰበለት ነው።

ከዚያ በኋላ በ1991 ዓ.ም. አዲስ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት አባልነት በፈቃድ፣ ውሳኔም በአንድ አባል አንድ ድምፅ ሆነ። የሆነ ሆኖ የቀድሞው መራራ ትዝታ ወዲያው አልጠፋም፤ «ማኅበር» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ የሚሰማ ገበሬ ብዙ ነበር። በአጋሮ አካባቢ በጎማ ወረዳ የተቋቋመው የዱሮሚና የቡና ገበሬዎች ማኅበር ታሪክ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው።

ዱሮሚና በኦሮምኛ የመበልጸግ ፍቺ ያለው ቃል ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው ቴክኖሰርቭ በተባለ ግብረ ሠናይ ድርጅት ድጋፍ ነበር። አስቀድሞ የጅማ ቡና በአብዛኛው በጀንፈልነት እየደረቀ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ ነበር። አባላቱ ገንዘብ ተበድረው የእሸት ቡና መፈልፈያ ተከሉ፤ ቀይ ፍሬ ብቻ መቀበል፣ በዕለቱ መፈልፈል፣ በአልጋ ላይ ማድረቅ ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ዓለም አቀፍ ቀማሾች በዳኙት የአፍሪካ ቡናዎች ውድድር የዱሮሚና ቡና አንደኛ ሆነ።

አፈሩ፣ ዝናሙና ዛፉ ያው የድሮው ነበር፤ የተለወጠው ምን ነበር? በቭሩም አነጋገር መልስ ስንሰጥ፣ በድካምና በዋጋ መካከል ተበጥሶ የነበረው ገመድ ተቀጠለ። ቀይ ፍሬ የመረጠ ገበሬ የተሻለ ዋጋ አገኘ፤ ማኅበር አትርፎ ሲሸጥ ደግሞ ለአባላቱ ትርፍ የሚያከፋፍል በመሆኑ የጎረቤቱ ጥንቃቄ የእሱም ጥቅም ሆነ። አንድ ሰው አረንጓዴ ፍሬ ቢቀላቅል የሚበላሸው የሁሉም ቡና ስለሆነ፣ ቁጥጥሩ ከአለቃ ወደ ባልንጀራ ተላለፈ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» የሚለው የአበው አነጋገር በሥራ ተተረጎመ።

ነገር ግን ይህ መልካም ነገር ሁሉ የተንጠለጠለበት አንድ ክር አለ፤ እሱም እምነት ነው። ትርፉ በወቅቱ ሳይከፈል ቢቀር፣ መዝገቡ ለአባላት ባይገለጥ፣ ሚዛኑ ለዘመድና ለባዕድ ቢለያይ፣ ገመዱ እንደገና ይበጠሳል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ክፉ ተረት ደግሞ ሹመትን እንደ ማዕድ የሚያይ ሰው የሚያጽናናበት ቃል ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚበላው የማኅበሩን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የለቃሚዋን ተስፋም ጭምር ነው። ገንዘብ በሌላ ዓመት ይተካል፤ የተሰበረ ተስፋ ግን ለመጠገን የአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊወስድ እንደሚችል ከላይ የተመለከትነው ታሪክ ያስረዳናል።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ ነገ በዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት ስትማሩ የምሁራኑን ስምና ዓመተ ምሕረት ሸምድዶ ፈተና ማለፍ ይቻላል። ትምህርቱ ግን የእናንተ የሚሆነው ለእያንዳንዱ ንድፈ ሐሳብ «በእኛ አገር ይህን የሚመስል ምን አለ? የማይመስልስ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ነው። አንድ ንድፈ ሐሳብ ሁሉን በር የሚከፍት ቁልፍ አይደለም። ማስሎው የሳተውን ዕድሩ ያሳያችኋል፤ ቴይለር የዘነጋውን ደቦው ያስታውሳችኋል፤ ደቦው የማይደርስበትን ደግሞ ትክክለኛ ሚዛንና ግልጽ መዝገብ ይሞላዋል።

ከመካከላችሁ አንዱ ምናልባት የማኅበር ሰብሳቢ ወይም ገንዘብ ያዥ ይሆናል፤ አንዷም ሚዛን ላይ ትቆም ይሆናል። ያን ጊዜ በቅርጫቷ ቀይ ፍሬ ብቻ ይዛ የመጣችው ለቃሚ ከፊታችሁ ትቆማለች። በማግስቱ የምትመርጥ ወይም የምትገፍፍ መሆኗን የሚወስነው የእናንተ ንግግር ሳይሆን ያን ዕለት የምትመዝኑላት ሚዛን ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

መነሣሣት — በውስጥ ፈቃድ ለሥራ መነቃቃት
ንድፈ ሐሳብ — አንድን ጉዳይ ለማስረዳት በጥናት የተዘጋጀ የሐሳብ መሠረት
እሸት ቡና — ከዛፉ የተለቀመ፣ ያልደረቀ የቡና ፍሬ
ጀንፈል — ከነገለባው የደረቀ ቡና
ለገመ — መሥራት እየቻለ ሆን ብሎ ሥራን አጓደለ
አደራ — በእምነት ተቀብለው የሚጠብቁት ነገር

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. ቀይ ፍሬ የመረጠችው ለቃሚ የቭሩምን ሦስት ጥያቄዎች ብትጠየቅ ምን ምን ብላ ትመልሳለች? መልሳችሁን በምክንያት አስደግፉ።
2. ጸሐፊው የማስሎውን ሐሳብ ለመተቸት ያቀረበው ማስረጃ ምንድን ነው? ማስረጃው በቂ ይመስላችኋልን?
3. «አሠሪው በአፉ ‹ቀዩን ልቀሙ› እያለ በሚዛኑ ግን ‹ግፈፉ› ብሎ ይናገራል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
4. በደርግ ዘመን የነበሩት የአምራቾች ማኅበራት ከደቦና ከዳዶ የሚለዩት በምንድን ነው?

ሠ. ሰዋስው

በአማርኛ አንድ ግስ ድርጊቱን ማን እንደ ፈጸመው፣ ማን እንዳስፈጸመው ለማሳየት ቅርጹን ይለውጣል። ለምሳሌ «ነገረ» የሚለውን ግስ ብንወስድ፣ ነገረ አድራጊ፣ ተነገረ ተደራጊ፣ አስነገረ አስደራጊ፣ ተነጋገረ ተደራራጊ፣ አነጋገረ አደራራጊ ይሆናል። ከምንባቡ ጋር ስናገናዝበው፣ በትእዛዝ ብቻ የሚሠራ አለቃ አስደራጊ ነው፤ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዲተባበሩ የሚያደርግ መሪ ግን አደራራጊ ነው።

ቀጥለው የተጻፉትን ግሶች ከላይ በተሰጠው ምሳሌ መሠረት በአምስቱም ዓይነት አውጡና እያንዳንዱን በዐረፍተ ነገር አስገቡ። ደገፈ፣ ከፈለ፣ መረጠ።

ረ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ ሰዎች ያለ ደመወዝ ተባብረው ከሚሠሩት ሥራ አንዱን ምረጡ። ሰዎቹ ለምን እንደሚሠሩ፣ ማን እንደሚመራቸው፣ ትብብሩም በምን ምክንያት ሊፈርስ እንደሚችል የሚገልጽ አራት አንቀጽ ያለው አስረጅ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ሥራውን በዓይን እንደሚታይ አድርጋችሁ ግለጹ። በሁለተኛው ምክንያቱን አስረዱ። በሦስተኛው ተቃራኒ ሐሳብ ካለ አቅርባችሁ መርምሩ። በአራተኛው የደረሳችሁበትን ፍርድ በአጭሩ ደምድሙ።